አንዴ የተዛወረ አይዛወርም

እትዬ መዝገብ ማመልከቻ የሚያነቡት ከታች ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት በመዝገብ ቤት ሲሠሩ፣ ሰው አራት ገጽ ሙሉ አልቅሶ የጻፈውን ያነሱና ቀጥ ብለው ወደ መጨረሻዋ መስመር ይወርዳሉ። «ስለዚህ ይህ እንዲደረግልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ» የምትለዋን ያገኟትና «ይኼ የሰው ኃይል ነው፣ ይኼ የንብረት ክፍል ነው፣ ይኼ እንኳ የማንም አይደለም» ብለው በቀይ እስክሪብቶ መርተው ያሳልፉታል። ከላይ ጀምረው ቢያነቡትማ ኖሮ እንኳን ሠላሳ አንድ ዓመት ሠላሳ አንድ ቀንም አይዘልቁም ነበር። የሰው ብሶት ማለቂያ አለው እንዴ? ስማቸውንም ያጡት በዚያው ሥራ ነው። መጀመሪያ «የመዝገብ ቤቷ እትዬ» ተባሉ፣ ኋላ አጠረና «እትዬ መዝገብ» ሆነው ቀሩ።

ጡረታ ወጥተው ቤት የተቀመጡት ሁለት ወር ብቻ ነው። በሁለተኛው ወር መጨረሻ ላይ የጓዳውን ብልቃጥና ጣሳ ሁሉ በፊደል ተራ ደረደሩት። መነጽር ቤት የምትሠራው ልጃቸው ጨው ፍለጋ ከ«ሀ» ጀምራ «ጨ» እስክትደርስ ምሳው አረረ።

«እማዬ በሞቴ» አለች፣ ድስቱን እየፋቀች፣ «ወይ ሥራ ፈልጊ፣ ወይ እኔ ቤቱን ልልቀቅልሽ።»

ሥራውንም ያመጣችላቸው እሷው ናት። ኮምፒውተር ፊት አስቀምጣ በኢንተርኔት ላይ ያለ አንድ የመጠያየቂያ ቦታ አሳየቻቸው። ነዋሪዎቹ «መንደሩ» ይሉታል። መንደሩ በቤት በቤት የተከፋፈለ ነው፤ የስፌት ቤት አለ፣ የመብራት ቤት አለ፣ የጓሮ አትክልት፣ የጤና፣ የሕግ፣ ምን የሌለ አለ። ሰው የጨነቀውን በየቤቱ ይጠይቃል፣ የሚያውቅ ይመልሳል። አንቱታ የለም፤ ሽማግሌውም ጎረምሳውም አንተና አንቺ ነው። እውነተኛ ስምም የለም፣ ሁሉም የቅጽል ስሙን ይዞ ነው የሚገባው። ክፋቱ ታዲያ፣ ጠያቂው ብዙ ጊዜ ቤት ይስታል። አንዱ ድመቱን ሽቦ ወግቷት ስፌት ቤት ገብቶ «በየትኛው ክር ልስፋት?» ይላል። ሌላው ጓሮ አትክልት ቤት ገብቶ ሥር ስለሰደደች አማቱ ያማክራል። እንዲህ ያለውን ጥያቄ አንስቶ ወደሚመለከተው ቤት የሚያሻግር ሰው ያስፈልጋል፤ አዛዋሪ ይባላል።

እትዬ መዝገብ ይህን ሲሰሙ ዓይናቸው በራ። እንዴት አይበራ! ዓሣን ከውኃ አውጥተው ሁለት ወር ካቆዩት በኋላ መልሰው እንደመጣል ነው። ቅጽል ስማቸውን «ለሚመለከተው» ብለው ተመዘገቡ፣ በዓመታቸውም አዛዋሪ ሆነው ተመረጡ።

አዛዋሪነታቸው ደግሞ ለይስሙላ አልነበረም። ሕግ እስከ ማውጣት ደርሰዋል። በመዝገብ ቤት ዘመናቸው አንድ የማይረሳቸው ሰው ነበር፤ ፋይሉ ከክፍል ክፍል ሲንከራተት፣ እሳቸውም አንዱ ሲመልሰው ወደ ሌላው ሲመሩት፣ ሰውዬው በመስኮቱ ፊት ጠጉሩ ሸበተ። ያ ሰው ሆዳቸው ውስጥ ቀርቷል። እናም በመንደሩ ስብሰባ ላይ «አንዴ የተዛወረ ጥያቄ ዳግም አይዛወር» ብለው ሐሳብ አቀረቡ። የሚያዛውር ሰው አስቦ ያዛውር፣ የተቀበለ ቤት ተቀብሎ ይመልስ፣ ሰውን ኳስ አታድርጉት አሉ። መንደሩ አጨበጨበ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማሽኑ ራሱ ሁለተኛ ዝውውር እንዳይፈቅድ ተደረገ። እትዬ መዝገብ በዚህ ሕግ ይኮሩ ነበር፤ ላለፈ ላገደመው ሁሉ ያወሩታል።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት እንግዲህ ሻያቸውን ይዘው ተቀመጡ። ቤት ስተዋል ተብለው የተጠቆሙ ዐሥራ አራት ጥያቄዎች ተሰልፈው ይጠብቋቸዋል። ዘጠነኛው ከስፌት ቤት የመጣ ነው፤ «ዘምዛሚዋ» በምትባል ሴት የተጻፈ፣ ረጅም፣ ችምችም ያለ። እሳቸው እንደ ልማዳቸው ወደ ታች ወረዱ። «ስለዚህ የትኛውን ዓይነት መብራት ብገዛ ይሻለኛል? መልሳችሁን በአክብሮት እጠብቃለሁ» ይላል።

«እሰይ፣ እንዲህ ነው ማመልከቻ!» አሉ ደስ ብሏቸው። ጥያቄዋን ወደ መብራት ቤት አሻገሩና ወደ ዐሥረኛው አለፉ። ሻዩ እንኳ አልቀዘቀዘም።

በዐሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ቅዳሜ ነው፣ መብራት ቤት ውስጥ ስማቸው ተጠርቶ አገኙት። የጠራቸው ቅጽል ስሙ «ፊውዝ» የሆነ የመብራት ሠራተኛ ነው። ከዘምዛሚዋ ጥያቄ ሥር ሰዎቹ ስለ አምፖል ዓይነት ሲከራከሩ ከርመው፣ እሱ መጨረሻ ላይ እንዲህ ብሏል፦ «እኔ ሃያ ዓመት መብራት ስዘረጋ ኖሬአለሁ። ከመጥፎ መብራት ጥላ ይመጣል፣ ድካም ይመጣል። ቀጥ ያለ መስመር የሚያጎብጥ አምፖል ግን አላየሁም። ‹ለሚመለከተው›፣ ይህን ስታዛውሪው አንብበሽዋል ግን?»

«ደፋር!» አሉ እትዬ መዝገብ። ዘጠኝ ሺህ ጥያቄ ያዛወረን ሰው አንብበሻል ወይ ይባላል? ተናደዱ፣ መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ። ከዚያ አንድ ጊዜ ለወጉ ብለው ጥያቄውን ከላይ ጀመሩት።

«ሠላሳ ዓመት ልብስ ሰፊ ነኝ» ይላል። «በተለይ ጠርዝ አጥፎ መስፋት ላይ እኔን የሚያህል የለም ይሉኛል። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን በማስመሪያ ያሰመርኩት ቀጥ ያለ መስመር መሐሉ ላይ ይጎብጥብኛል። ማስመሪያው ተጣሞ ይሆናል ብዬ ለወጥኩ። ጠመኔውንም ለወጥኩ። ኋላ ሳየው የበሩም ጠርዝ ይጎብጣል። ግራ ዓይኔን ጨፍኜ በቀኙ ሳየው ይብሳል፣ ቀኙን ስጨፍን ይቀናል። መብራቱ ነው ብዬ ሁለት አምፖል ቀያየርኩ፣ ያው ነው። በዚህ ሳምንት የሙሽራ ልብስ አጣምሜ ሰፍቼ ተመለሰብኝ። በሕይወቴ ተመልሶብኝ አያውቅም።» ከዚያ በኋላ ነው ያቺ «ስለዚህ» የምትመጣው።

እትዬ መዝገብ ክው አሉ።

«ነይ እስቲ!» ብለው ልጃቸውን ጠሩ። ልጅቱ ጸጉሯን ታጥባ በፎጣ እንደጠመጠመች መጥታ በትከሻቸው ላይ አዘንብላ አነበበች። ግማሹ ላይ ስትደርስ ፎጣውን ያዝ ማድረጓን ተወች።

«እኛ ሱቅ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ባለካሬ ወረቀት አለ» አለች። «በአንድ ዓይኑ አይቶት መስመሩ ጎበጠብኝ ለሚል ሰው መነጽር አንሸጥም። በዚያው ቀን ዓይን ሐኪም ዘንድ ነው የምንልከው።»

«ለምን?»

«ከዓይኑ ኋላ ያለ የደም ሥር እያፈሰሰ ሊሆን ይችላላ። ቶሎ ከደረሰ በመርፌ ያክሙታል። ከዘገየ ግን መሐሉ ይጠፋል፤ ዳር ዳሩን ያያል እንጂ ፊት ለፊቱ ያለውን ነገር አያይም። ሰፊ ናት አይደል? መርፌዋን አታያትም ማለት ነው።»

«ስንት ጊዜ አላት?»

«በቀን ነው የሚቆጠር፣ እማዬ። መቼ ነው የጻፈችው?»

እትዬ መዝገብ ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ ባለው ቀን ላይ አኖሩላት።

ወዲያው ጥያቄውን ወደ ጤና ቤት ሊያሻግሩ ሞከሩ። ቀይ ጽሑፍ ወጣ፦ «ይህ ጥያቄ ከዚህ ቀደም አንድ ጊዜ ስለተዛወረ ዳግም ሊዛወር አይችልም።» ዐረፍተ ነገሩን አወቁት። ራሳቸው ናቸው የጻፉት፤ ስብሰባው ላይ «ከዚህ ቀደም» የምትለዋን እንኳ የጨመሯት እሳቸው ናቸው።

እዚያው መብራት ቤት፣ ከጥያቄው ሥር፣ «እህቴ፣ የዓይን ሐኪም ዘንድ ዛሬውኑ ሂጂ» ብለው ጻፉ። ግን ምን ያደርጋል! ዘምዛሚዋ የስፌት ቤት እንጂ የመብራት ቤት አባል አይደለችም፤ እዚያ የሚጻፍላት ነገር ስልኳ ላይ አይደወልም። ዐሥራ ሁለት ቀን ሙሉ የአምፖል ክርክር የተካሄደው ጠያቂዋ በሌለችበት ነው። አሁን ስፌት ቤት ገቡና በትልልቁ «ዘምዛሚዋን የምታውቁ ንገሯት» ብለው ለጠፉ። በሰባት ደቂቃ ውስጥ ተሰረዘ። «ይህ ጽሑፍ ጥያቄ ስላልሆነ ይህን ቤት አይመለከትም» የሚል መልስ መጣላቸው። የሰረዘው የስፌት ቤት አዛዋሪ ነው፤ «መቀስ» ይባላል፣ ሥራውን ያስተማሩት እሳቸው ናቸው።

«አይመለከትም?» አሉ እትዬ መዝገብ። ስንት ሺህ ሰው ላይ ይህን ቃል እንደጻፉ እግዜር ይወቀው። ለመጀመሪያ ጊዜ ከመስኮቱ ውጪ ቆመው ሰሙት፤ ያማል።

ለመቀስ ለብቻው ጻፉለት፤ ምንም ሳይደብቁ፣ ሳያነቡ ማዛወራቸውን ጨምረው። እሱም ቶሎ መለሰ።

«ውይ በሞትኩት! ማስታወቂያሽን አሁኑኑ እመልሰዋለሁ። ግን ዘምዛሚዋ ማስታወቂያ የምታይ ሰው አይደለችም፣ ጥያቄዋ ከተነሳባት ወዲህ ደግሞ ብቅም ብላ አታውቅ። ተቀይማ መሰለኝ። አድራሻዋ ለኛም አይታይም። አንድ ነገር ግን አውቃለሁ፤ ስለ ልብስ ጠርዝ የተጠየቀ እንደሆነ ስልኳ እንዲጮኽ አድርጋለች። የጠርዝ ጥያቄ አይታ ዝም ማለት አይሆንላትም፣ ነፍሷ ነው። ጥያቄው ግን የምር ይሁን፤ ለሚረባውም ለማይረባውም የምትነሳ ሴት አይደለችም።»

እንግዲህ እትዬ መዝገብ የምር ጥያቄ መጠየቅ አለባቸው። ያን ጊዜ ነው አንድ ነገር የገባቸው። በዚያ መንደር ዘጠኝ ሺህ ጥያቄ ያሻግሩ እንጂ አንድም ቀን ጠይቀው አያውቁም። መርፌም ቢሆን የልብስ ቁልፍ ከመትከል በቀር ይዘው አያውቁም።

«የኔን ክብ ጉርድ ውሰጂው» አለች ልጃቸው፣ ከቁም ሣጥን እያወጣች። «ባለፈው ያሳጠረችልኝ ሴት ጠርዙን አበላሽታው አልለብሰውም። ዙሪያውን እንዴት እንደሚሸበሸብ አየሽ? ስትሰፊው ጨርቁ ይተርፋል መሰለኝ።»

ጉርዱን ጭናቸው ላይ ዘርግተው ጻፉ። ጨርቁ ምን እንደሆነ፣ ስንት ክንድ እንደሚዞር፣ የታጠፈው ምን ያህል እንደሆነ፣ የት የት ላይ እንደሚሸበሸብ። አራት ጊዜ ሰርዘው ደገሙት። ልጅቱ በማስመሪያ እየለካች ትነግራቸዋለች፣ እሳቸው ይጽፋሉ። ጠዋት የጀመሩትን ሲጨርሱ እኩለ ቀን አልፎ ነበር። ለመለጠፍ ጣታቸውን ሲያነሱ ልባቸው እንደ ተማሪ ይደልቃል፤ ቢስቁብኝስ? ይህን ቤት አይመለከትም ቢሉኝስ?

አልሳቁባቸውም። እሑድ አራት ሰው መለሰ፣ ሰኞ ሦስት። ዘምዛሚዋ የለችም። እትዬ መዝገብ እህል አልወርድ አላቸው። ልጃቸው ሥራ ስትሄድ ስክሪኑ ፊት ትታቸው ትሄዳለች፣ ስትመለስም እዚያው ታገኛቸዋለች።

«ተነሺ፣ ትንሽ እንኳ ፀሐይ ውሰጂ» ትላለች።

«ፀሐይ ማየት ሊቀርባት ያለችው ሴት እስክትመጣ ድረስ አልነሳም» ይላሉ።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ዘምዛሚዋ መጣች። «ከላይ ያሉትን አትስሚያቸው» ብላ ጀመረች፣ ሰላምታም የላት። «ክብ ጉርድ ከመታጠፉ በፊት አንድ ቀን ተሰቅሎ ይዋል። ጨርቁ በሰያፍ የተቆረጠበት ቦታ የሚረዝመውን ይርዘም፤ ከዚያ ከወለል ለክተሽ አስተካክለሽ ቁረጪ። እጥፋቱ ከአውራ ጣት ጥፍር አይብለጥ። ጠርዙን መጀመሪያ በእጅ ላላ አድርገሽ ጠልፊው፣ ክሩን ሳብ ስታደርጊው ትርፉ ይሰበሰባል። ሌላም ልልሽ ነበር፣ ዓይኔ አስቸግሮኝ ነው።»

እትዬ መዝገብ ያዘጋጁት ነበርና ወዲያው ጻፉ፦ «ዘምዛሚዋ፣ የጉርዱን ነገር ተይው። ስለ መብራት የጠየቅሽውን አንብቤዋለሁ። ጥፋቱ የመብራት አይደለም፣ የዓይንሽ ነው። ልጄ መነጽር ቤት ነው የምትሠራ። ዛሬውኑ፣ ከመሸብሽም ነገ በጠዋት፣ ዓይን ሐኪም ዘንድ ሂጂና መስመር ይጎብጥብኛል በያቸው። ይህችን ቃል ብቻ በያቸው። አደራሽን።»

መልስ የለም። ረቡዕም የለም። ሐሙስም። አንድ ሳምንት አለፈ። እትዬ መዝገብ ፈሩ፤ ያልተጠየቀች አማካሪ ብላ ንቃኝ ይሆን አሉ፣ ረፍዶ ይሆን አሉ። በዚህ መሐል ሥራቸውን አላቆሙም። አዳዲሱን ጥያቄ ግን ከመጀመሪያዋ ፊደል ጀምረው ነው የሚያነቡት፤ በጠዋት ዐሥራ አራት ይጨርሱ የነበሩት ሴትዮ አራት ሲጨርሱ ምሳ ይደርሳል። ዝውውር ተጓተተ ብሎ መንደሩ አጉረመረመ። ያጉረምርም ብለው ጆሮ ዳባ ልበስ አሉት።

በዘጠነኛው ቀን ከጉርዱ ጥያቄ ሥር ተጽፎ አገኙ።

«እንዳልሽው ሄድኩ። በማግሥቱ ጠዋት ነው የሄድኩት፤ ያቺን ቃል ስላቸው ከወረፋ አውጥተው አስገቡኝ። የቀኙ መሐሉ ጠፍቷል፣ አይመለስም ብለውኛል። የግራውም ጀምሮት ኖሯል፣ እሱን ደርሰንበታል፤ መርፌ እየተወጋሁ ነው፣ ይተርፋል አሉ። ሐኪሙ ማን ነው የላከሽ ሲለኝ አንዲት ጉርድ የተበላሸባት ሴት ናት አልኩት። ሁለት ሳምንት ብትቀድሚ ኖሮ ቀኙም ይተርፍልሽ ነበር አለኝ። እንግዲህ ምን ይደረጋል። አንቺን ግን እግዜር ይስጥልኝ፣ ብድርሽን የምከፍልበት አጣሁ።»

እትዬ መዝገብ «ሁለት ሳምንት» የምትለዋ ላይ ቆሙ። ዐሥራ ሁለት ቀን መብራት ቤት፣ ሦስት ቀን የጉርድ ጥበቃ። ሒሳቡ አንድ ልጅ እንኳ የሚደምረው ነው። አለቀሱ፣ ድምፅ አውጥተው።

«ምነው እማዬ?» አለች ልጃቸው። «አዳንሻት እኮ! አንዱን ዓይን አዳንሽላት።»

«አንዱንስ ማን አጠፋው?»

«በሽታው ነዋ! ደግሞ እሷ ምን ታውቃለች? አመስግናሻለች፣ ተቀበይና ዝም በይ።»

«አንቺ ዝም በይ» አሉ፣ በቁጣ ሳይሆን። ዓይናቸውን ጠርገው ጻፉ፦ «ምስጋናውን አልወስድም። ጥያቄሽን ወደ መብራት ቤት ያዛወርኩት እኔ ነኝ። ሳላነብ ነው ያዛወርኩት። የመጨረሻዋን መስመር ብቻ አይቼ ነው። አንብቤው ቢሆን ኖሮ በዚያው ማክሰኞ ሐኪም ዘንድ ትሄጂ ነበር። ይቅር በይኝ ለማለትም አፍ የለኝም።» ለጠፉትና ከወንበሩ ተነሱ። ያን ቀን ወደ ኮምፒውተሩ አልተመለሱም።

በማግሥቱ መልሱ ጠበቃቸው።

«አውቃለሁ» ይላል። «ያዛወረው ሰው ስም ከጥያቄው ሥር ይጻፍ የለም እንዴ? በዚያኑ ቀን አይቼው እጅሽ ይቆረጥ ብዬሻለሁ፤ መዋሸት ምን ያደርጋል። ጉርድሽን ይዘሽ ስትመጪም ስምሽን አውቄዋለሁ። ይቺን ሴትዮማ ሞቼ ነው የምመልስላት ብዬ ሦስት ቀን በእልህ ዝም አልኩ። በሦስተኛው ቀን ግን ሌሎቹ የመለሱልሽን አነበብኩት። ጉርዱን አፈር ሊያስገቡት ነው! አላስቻለኝም፣ ጻፍኩ። ሐኪሙ ቀን ሲቆጥርልኝ እነዚያን ሦስት ቀኖች የቆጠርኳቸው እኔ ነኝ። ዐሥራ ሁለቱ ያንቺ ናቸው፣ አልምርልሽም አልልም፣ ምሬሻለሁ። ሦስቱ የኔ ናቸው፣ እነሱን ማንም አይምርልኝም። ለቅሶውን እዚህ ላይ እናቁመው። አዲስ ጥያቄ ለጥፌአለሁ፤ ሂጂና እዪው፣ አደራ እንዳታዛውሪብኝ።»

እትዬ መዝገብ ወደ ስፌት ቤት ሄዱ። ጥያቄዋ እዚያ ናት፦ «በአንድ ዓይን ብቻ የሚያይ ሰው መርፌ ላይ ክር የሚያስገባው እንዴት ነው? ርቀቱ ያታልለኛል፣ ክሩ ከመርፌዋ ፊት ወይም ኋላ ያልፋል። ሠላሳ ዓመት ሳላይ የማደርገውን ነገር ዛሬ እያየሁ አቃተኝ። የዚህ ቤት ሰዎች እንዴት ታደርጉታላችሁ?» ከሥሩ አንድ አዲስ አዛዋሪ ቀድሟቸው «ይህ የጤና ቤት ጉዳይ አይመስላችሁም?» ብሎ ጠቁሟል።

እትዬ መዝገብ ጥያቄዋን ከመጀመሪያዋ ቃል እስከ መጨረሻዋ ሁለት ጊዜ አነበቡ። ከዚያ ለአዲሱ አዛዋሪ «የስፌት ነው፣ እዚሁ ይቆይ» ብለው ጻፉለት። ምሳ ሳይደርስ ዐሥራ አንድ ሰው መልሶላታል፤ ከዐሥራ አንዱ ሦስቱ ራሳቸው በአንድ ዓይን የሚሰፉ ነበሩ።